ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ዙር

«መኪናዋን የገደላት እሱ ነው።»

ይህን የሰማሁት ጫማዬን እያሰርኩ ነው፤ ገና ሊነጋጋ ሲል። የእኔን ክፍልና የእነሱን ሳሎን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በእነሱ በኩል ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፣ በእኔ በኩል ጭዱ ወጥቶ ይታያል። ወንድሜ ይስማው ቤቱን ሲያድስ ሲሚንቶው እኔ በር ላይ ሲደርስ አለቀ። ነገር ሁሉ እኔ ጋ ሲደርስ ነው የሚያልቀው። ሚስቱ ካሣነሽ «ኧረ ቀስ በል፣ ጋሼ ደሴ ይሰማሉ» አለችው። እሷ ጨዋ ናት፤ እዚህ ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፣ እስካሁን አንቱ ትለኛለች። እሱ ግን ጭራሽ ድምፁን ከፍ አደረገው። «ይስማ! ያኔ ገና ስትገዛ እያስጮኸ እያስጮኸ ሞተሩን ጨረሰው። ዛሬ ለማቴዎስ አስረክቤያት እገላገላለሁ።» ከዚያ ብርጭቆ ሲቀመጥ ተሰማ። እኔም ያሰርኩትን የጫማ ክር ፈታሁና እንደገና አሰርኩት። እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው እንጂ ክሩስ ደህና ታስሮ ነበር።

እሺ፣ ማን እንደገደላት እንነጋገር። መኪናዋ ከካሣነሽ በዕድሜ ትበልጣለች፤ አራቱም ጎማዋ የሚገፋ፣ ሣጥን የመሰለች አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ይስማው የዛሬ አራት ዓመት ሥራውን ጨርሶ ከወጣ አንድ ፕሮጀክት በጨረታ ገዛት። የተቀጠረ ሹፌር ከባሕር ዳር ነድቶ አርብ ገበያ አቆመልንና በአውቶቡስ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዋ አንድ ነው፤ ከአርብ ገበያ ወገዳ፣ ከወገዳ አርብ ገበያ፣ ሰውና እህል፣ አንዳንዴም በግ። የመጀመሪያው ሹፌሯ እኔ ነበርኩ። መንገድ ሥራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት መሪ ይዣለሁ፤ ይስማውንም መሪ ያስያዝኩት እኔው ነኝ። አራት ወር ሳይሞላኝ፣ አንድ ዓርብ ገበያው ሲፈታ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ተጭኖ እያየ፣ እጁን በመስኮት ዘረጋና «ሞተር ታስጮሃለህ፤ ቁልፉን አምጣ» አለኝ። አሥራ ሰባት ሰው ነበር። ቆጥሬአቸዋለሁ። አንዲቱ ሴት ሳቀች። የወገዳን ዳገት የሚያውቅ ሰው ያውቃል፣ ሞተር እዚያ ላይ መጮህ አለበት። በከባድ ማርሽ አፍነህ ላውጣው ካልከው ይንቀጠቀጣል፣ ይግላል፣ ከአቅሙ በላይ እንደተጠመደ በሬ ጉልበቱ ይከዳዋል። ይህንን ነግሬው ነበር። እሱ ዘንድ ግን ጩኸት ማለት ነዳጅ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ጭነት አሳሪ ነኝ፤ ታላቅየው፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ገመድ እጎትታለሁ። በሠርጉ ቀንም በሩ አጠገብ ነው ያስቀመጡኝ፣ ንፋሱ ላይ። እሱን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እናታችንን ለዓይኗ ደብረ ታቦር ሊያደርስ ሄደ። እኔ ለአክስታችን ተዝካር ቤተ ልሔም ነበርኩ። መኪናዋ እኛ ዘንድ ከመጣች ወዲህ አስፋልት ስትረግጥ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ከነፋስ መውጫ ወዲያ ሰማንያ፣ ዘጠና ሲል ጩኸቷ ጆሮ የሚበሳ ሆነ አሉ፤ የተሳፈረው ሁሉ የየራሱን ታቦት እየጠራ ደረሰ። ደብረ ታቦር ላይ ማቴዎስ የሚባል ሰው አለ፣ ግማሹ መካኒክ ግማሹ ደላላ። ክዳኑን ከፈተና እንደ ሐኪም ጆሮውን ጣል አድርጎ «ይሄ ሞተር አልቋል። ሁለት ወር ከቆየልህ ተአምር ነው» አለው። ይስማው «ማርሽ ይጎድለን ይሆን እንዴ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። «የጥንት ናት እኮ፣ ያላት አራት ማርሽ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ሳቀበት። ከዚያም ለወንድሜ አዘነለትና ሳትፈነዳ በስምንት መቶ ሺህ ብር ሊወስዳት ተስማማ። እንዲህ ያለች መኪና ቆማ እንኳ ከሁለት ሚሊዮን በታች ስትሸጥ ሰምቼ አላውቅም። ግን ማን ይጠይቀኛል። ወሬው አርብ ገበያ ሲገባ ደግሞ መልኩን ቀይሮ ገባ፤ ሞተሩን የጨረሰው ደሴ ነው ተባለ። ጠላ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዱ ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ደሴ፣ አህያዬን ላበድርህ ነበር፣ ግን ታስጮሃታለህ» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ዛሬ የእናታችን የሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ነው። የቀኙ ሞራ ተገፎላት ደህና ታያለች፣ የግራው ገና ነው። «ያለ ደሴ ክንድ አልሄድም» ስላለች ብቻ ነው እኔ የተነሳሁት፣ ይስማውማ ሊወስደኝ አላሰበም። እሱ ዕቅዱ ሌላ ነው፤ እሷን ሐኪም ቤት አድርሶ፣ መኪናዋን አስረክቦ፣ ማታ በአውቶቡስ ሊመልሰን። ትናንት ማምሻውን ብቻውን አጥቧታል። መስኮቶቿን በጋዜጣ ወልውሏቸዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንወጣ ግቢው ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ምንም ያልፈለገ ሰው መስሎ።

እናታችን ቦጋለች ጋቢና ገባች፣ እኔ ከኋላ። ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ጎንበስ ብሎ ጠበሏን መሳለም ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከማርሹ ዘንግ ፊት ለፊት ትንሽ ወደ ቀኝ ብሎ፣ ቢጫ ጄሪካን ጠበል ይቆማል። መኪናዋ በመጣች በሳምንቱ እናታችን ከቤተ ልሔም አስመጥታ «ከዚህ እንዳይነሳ» ብላ ያስቀመጠችው ነው። ጠበሉ በየዓመቱ ይለወጣል፣ ቦታው ግን አይለወጥም። ከወገዳ የሚሳፈሩ ባልቴቶች እጃቸውን ሰደው ነክተውት ግንባራቸውን ይነካሉ። ሌላው ቀርቶ ይስማው እንኳ ስልኩን እዚያ አካባቢ አያስቀምጥም። ጄሪካኑ በኮረኮንቹ እንዳይወድቅ የሚይዘውን ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ። ከተራራፊ ፌሮ ቆርጬ፣ በያጅ ቤት ቆሜ አስበይጄ፣ በሁለት ብሎን ወለሉ ላይ አስሬዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ደሴ ሞተር ገደለ የሚል ሞልቷል። ይሄን ብረት ደሴ ሠራው የሚል ግን አንድ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

እስከ ነፋስ መውጫ ማንም ብዙ አልተናገረም። ህዳር ነው፤ ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል፣ ጠዋቱ ይበርዳል። ይስማው በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ጉድጓዱን እየዞረ ይነዳል። በእኛ አገር መንገድ ሦስተኛ ማርሽ ማለት የበዓል ልብስ ነው፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጣል። አራተኛ ያስገባ ሰው ደግሞ ወይ ሰክሯል ወይ ተባሯል። እናታችን ሁለት ጊዜ «መንገዱ ሰላም ነው አሉ?» ብላ ጠየቀች፣ ሁለት ጊዜም «ሰላም ነው፣ እማዬ» አላት። መንገዱ ከተከፈተ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሁሉም ነገ ይዘጋ ይሆናል ብሎ ይቸኩላል። ነፋስ መውጫ ሻይ ጠጣን። አንዱ ሻይ ሃያ ብር ገብቷል፣ ዳቦው ደግሞ በአንድ ጉርሻ ያልቃል። ይስማው የሦስታችንንም ከፈለ፣ የእኔን ሲከፍል ግን አላየኝም። እንዲህ ዓይነቷን ነገር እኔ አልስታትም።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ሰባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ዘጠና ሲል የተባለው ሁሉ መጣ። ጩኸቱ ከእግራችን ሥር ተነስቶ ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ መስታወቶቹ ይርገበገባሉ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ይዘፍናል። ይስማው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ አንገቱን ሰብሯል። እናታችን ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይስማው ልጄ፣ ይቺ ፍጡር ታለቅሳለች እኮ። አቁምልኝ።» መንገዱን ለቆ ሜዳ ላይ አቆመ። «እኔ ከኋላ ጋደም ልበል፤ ጠበሌን ስጡኝ፣ ደረቴ ላይ ልያዘው። ደሴ፣ አንተ ፊት ሂድ።» ጄሪካኑን ከብረቱ አውጥቼ ሰጠኋትና ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢና ተቀመጥኩ።

ወደ አስፋልቱ ለመመለስ ወደ ኋላ ማለት ነበረበት። የማርሹን ዘንግ ወደ ቀኝ ወስዶ ወደ ራሱ ሳበው፣ ወደ ኋላ ሄድን፣ ከዚያ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እኔ ዓይኔን ሰዓቶቹ ላይ አድርጌአለሁ። ፍጥነቱ ዘጠና፤ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው መርፌ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ላይ። የሙቀቱን አየሁ፣ መሃል ላይ ተኝቷል። በጎን መስታወት ወደ ኋላ አየሁ፣ ጭስ የለም። አሸተትኩ፣ የሚቃጠል ነገር የለም። ጩኸቱ ጩኸት ነው፣ ግን ልክ አለው፣ አይቆራረጥም። የታመመ ሞተር ይንተባተባል፣ ያስላል፣ ወይ ደግሞ ዘይት ይተፋል። ይቺ ጤነኛ ናት። ጤነኛ ሆና የምትሮጥ ናት፣ ያውም ከሚገባት በላይ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ ይህን ሂሳብ ግን ጆሮዬ ያውቀዋል። እንዲህ ያለች አሮጌ መኪና በዘጠና ስትሄድ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አካባቢ ዙር ይበቃታል። ይሄ ትርፉ ስድስት መቶ ከየት መጣ? ሞተር በሽታ ቢይዘው ዙሩና ፍጥነቱ እንዲህ ተከባብረው አይሄዱም። የጎደለው ከሞተሩና ከጎማው መካከል ነው። የጎደለው ማርሽ ነው።

ያን ጊዜ ዘንጉን አየሁት። ራሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር በስንት ሰው መዳፍ ተፍቆ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ወደ ኋላ ሲሄድ ቀኝ ወስዶ ወደ ራሱ ሳበው። ቀኝ ኋላ ካለው፣ ቀኝ ፊትስ? መንገድ ሥራ ላይ የነዳኋት ፒክአፕ አምስተኛዋ እዚያ ነበረች፣ ከኋላ ማርሹ ትይዩ፣ ቀኝና ወደ ፊት። ቀኝና ወደ ፊት ተመለከትኩ። ጄሪካኑ ከተነሳ በኋላ ባዶውን የቆመ ብረት አለ። ዘንጉ ወደዚያ ቢገፋ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ የሚያቆመው ብረት። ብየዳው የእኔ፣ ብሎኑ የእኔ፣ አራት ዓመት ያልተነቃነቀው ሥራዬ።

ሳቄ መጣ። አስቡት እንግዲህ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ «እጄ የለበትም» ስል ከርሜአለሁ። ለቄሱም፣ ለሽማግሌም፣ ለራሴም። እውነትም ሞተሩን አልነካሁም፣ ነገር ግን ማርሹን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እኔም በነዳሁባት አራት ወር ወገዳ ብቻ ተመላልሼ ከሦስተኛ ወዲያ ስላልደረስኩ አላወቅሁም፤ ከእኔ በኋላም ማንም አላወቀም። ጠበል ያለበትን ቦታ ማን ይነካካል? አሁን ብናገር ምን ይባላል? «አላልኳችሁም? እሱው ነው!» ይባላል። ዝም ብልስ? ዝም ብል መኪናዋ ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የማቴዎስ ትሆናለች። ይስማው ከግማሽ በታች ሸጦ፣ ተሰልፎ፣ በአውቶቡስ ይመለሳል። ያቺ የዓርቧ ሳቅ፣ ያ የሠርጉ ንፋስ፣ ያ የጭዱ ግድግዳ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይከፈላል። የእኔም ስም ሞተር የገደለ እንደተባለ ይቀራል፣ ለዘላለሙ፤ ግን ለእሱ ለምጄዋለሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ደስ አለኝ። ወንበሩ ላይ ተመቻቸሁ። ክምር ድንጋይን ስናልፍ የእሱን አንገት ከጎን እያየሁ ዝም አልኩ።

ስልኩ ጮኸ። እጁ መሪ ላይ ስለሆነ ድምፁን ከፍቶ ከፊቱ አስቀመጠው። ማቴዎስ ነው።

«የት ደረስክ ጌታው? ውሉ ተጽፎ አልቋል፣ እስክሪብቶ ነው የሚጠብቅህ።»

«ጋሳይ ልንገባ ነው።»

«ጩኸቷ እዚህ ድረስ ይሰማል! ያ ሞተር አራጁ ወንድምህስ አብሮህ አለ? ካለ ይምጣና ሬሳውን ይሰናበት፤ ገዳይ ለቅሶ ሲደርስ አይተን አናውቅም» ብሎ ሳቀ፤ ከኋላውም ሌሎች ሲስቁ ተሰማ።

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ይስማው አብሮ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ጠዋት በግድግዳ የሰማሁት ሰው፣ በአሥራ ሰባት ሰው ፊት ቁልፍ የተቀበለኝ ሰው ነው።

«ስማ ማቴዎስ» አለ። «ታላቄ ነው። አፍህን ሰብስብ።» ብሎም ስልኩን ዘጋው።

ጩኸቱ ብቻ ነበር። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄድን፣ እኔም በሁለት ኪሎ ሜትሩ ውስጥ ያን ቃል እንደ አጥንት ወዲያና ወዲህ አደረግሁት። ታላቄ ነው። ልጅ ሆኖ ወንድም ጋሼ ይለኝ ነበር፣ መኪና ሲገዛ ነው ደሴ ያለኝ። አሁንም ለእኔ አይደለም ያለው፣ ለሌላ ሰው ነው ያለው። ቢሆንም ብሎታል።

«አቁም» አልኩት።

«ምን ሆንክ?»

«አቁም አልኩህ። አሥራ ሦስት ቁልፍ አለህ?»

ዳር ይዞ አቆመ። ግራ ገብቶት ከመቀመጫው ሥር የቁልፉን ከረጢት አወጣ። «ምን ልትፈታ ነው?»

«ብረቱን።»

«የቱን ብረት?»

«ይሄንን። የእኔን።»

መጀመሪያ ብረቱን አየ፣ ከዚያ የማርሹን ዘንግ፣ ከዚያ እኔን። የሆነ ነገር የገባው መሰለኝ። ከኋላ እናታችን ቀና አለች። «የጠበሌን ቦታ ምን ልታደርጉት ነው?»

«ቦታው አልተስማማውም፣ እማዬ» አልኳት።

የመጀመሪያው ብሎን ተፈታ። ሁለተኛው ዝጎ እምቢ አለ፤ ቁልፉ አንሸራቶኝ የመዳፌ ቆዳ ተላጠ። ይስማው ወርዶ በእኔ በኩል መጣና በርከክ ብሎ የስልኩን መብራት ያዘልኝ። ጭንቅላታችን ሊነካካ ደርሷል። ትንፋሹ ሻይ ሻይ ይላል፣ ጸጉሩ መሃሉ ሳስቷል፤ ይሄንን አይቼው አላውቅም ነበር። «በቀስታ፣ ብሎኑ ይሰበራል» አለኝ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ» አልኩት። ብሎኑ ጮኸና ለቀቀ። ብረቱን አንስቼ እግሬ ሥር ጣልኩት።

ተነሳን። አራተኛ ላይ ሲደርስና ጩኸቱ ሲመለስ «አሁን ፍሪሲዮን ርገጥ» አልኩት። «ወደ ቀኝ። ወደ ፊት ግፋ።»

«እዚያ ጋ ምንም የለም።»

«ግፋ ስልህ ግፋ።»

ገፋ። ዘንጉ ቢላ አፎቱ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፣ ነዳጅ ሰጠ፤ ዘጠና ላይ መርፌው ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ወርዶ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ቆመ። ጩኸቱ ከጥርሳችን ውስጥ ወጣ። የንፋሱ ድምፅ ይሰማ ጀመር፣ ጎማው አስፋልቱን ሲልስ፣ ከኋላም የእናታችን ትንፋሽ። መኪናዋ የከበዳትን ሸክም ያወረደች ሴት መሰለች።

እናታችን ደንግጣ ብድግ አለች። «ጠፋች እንዴ? ልጆቼ፣ ሞተች?»

«አልሞተችም እማዬ» አላት ይስማው። «ዝም ብላ ነው።»

እናታችን ጄሪካኑን ስማ መልሳ ጋደም አለች። እሷ ዘንድ ነገሩ የጠበሉ ሥራ ነው። እኔም አልተከራከርኳትም፤ ከቦታው ተነስቶ የረዳን የመጀመሪያው ጠበል ይሆናል እንጂ ሥራውስ የእሱ ነው። ይስማው ጥቂት ነድቶ ማርሹን ወደ አራተኛ መለሰው፣ ጩኸቱ መጣ፤ አምስተኛ አስገባ፣ ጩኸቱ ሄደ። ደግሞ መለሰው፣ ደግሞ አስገባው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ልጅ ሆኖ ሬዲዮ ስገዛ ቁልፉን እንዲህ ነበር የሚያደርገው። በመጨረሻ «አራት ዓመት!» አለ፣ መንገዱን እያየ። እኔም «አራት ዓመት» አልኩ። ከዚያ ወዲያ እስከ ከተማው አልተነጋገርንም። ቢሆንም ዝምታው የጠዋቱ ዝምታ አልነበረም፤ በዚህኛው ውስጥ ሰው እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ ይችላል።

ማቴዎስ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፣ ወረቀቱን በላስቲክ ይዞ። ሁለት ሰዎችም አብረውት አሉ፣ ለምስክር ይሆናሉ። ይስማው ሞተሩን ሳያጠፋ መስኮቱን አወረደ። ማቴዎስ ሰላም እንኳ ሳይል፣ ክዳኑንም ሳያይ፣ አንገቱን በመስኮቱ አስገባና ከዳሽቦርዱ ሥር ተመለከተ። «ያ የጠበሉ ብረትስ?» አለ።

ማንም ስለ ብረት አልነገረውም። ወንድሜ መሪውን እንደያዘ ዓይኑን ዓይኑን አየውና «አምስተኛ ማርሽ ሆነ» አለው።

«እንዴ፣ አምስተኛ አላት እንዴ?» ጆሮው ቀልቷል።

«አራት ነው ያላት ብለኸኝ አልነበር? የጥንት ናት ብለህ። የጥንት ሰው ደግሞ ያለውን ሁሉ አያሳይም» አለና ማርሽ አስገባ። «እማዬ ቀጠሮ አላት። እስክሪብቶህን ለሌላ ቁም ነገር አውለው።»

የእናታችን የዓይን ሕክምና እስከ ስምንት ሰዓት አለቀ፤ በፋሻ ሸፍነው ሰጡን። ምሳ ቤት ውስጥ ይስማው ጥብስ አዘዘ፣ ስንበላም ሥጋ ሥጋውን በጣቱ ወደ እኔ በኩል ይገፋል። ይህንንም ያላየሁ ይመስለዋል። ስንመለስ ከጋሳይ እስከ ነፋስ መውጫ ሜዳ በሆነበት ሁሉ በአምስተኛ ነዳ፤ እናታችን ከኋላ ተኝታ አንኮራፋች። በዚች መኪና ውስጥ የሰው ማንኮራፋት ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ኮረኮንቹ ላይ ስንገባ እንደገና ሁለተኛ፣ እንደገና ሦስተኛ። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ግን ማርሹን ቀድሞ ቀነሰና ሞተሩን አስጮኸው። እንደነገርኩት አድርጎ አስጮኸው። ወደ እኔ አላየም፤ እኔም ወደ እሱ አላየሁም።

አርብ ገበያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። እናታችንን ደግፌ አስገባኋትና ወደ ክፍሌ ሄጄ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ብረቱን ለምን ይዤው እንደመጣሁ አላውቅም፣ እግሬ አጠገብ ወድቋል። የካሣነሽ ድምፅ በግድግዳው መጣ።

«ምነው መኪናዋ ግቢ ቆማለች? አልሸጥካትም?»

«አልሸጥኳትም። ምንም አልሆነችም። አምስተኛ ማርሽ ኖሯታል።»

«እስከዛሬ የት ነበር?»

«የጠበሉ ማስቀመጫ ከልክሎት። ብረቱ ዘንጉን ይይዘዋል፣ ማንም አላስተዋለውም።»

«ወይ ጉድ!» አለች። ከዚያም፣ ሴት አይደለች፣ ነገሩን ከሥሩ ያዘችው። «ታዲያ ማን ነው እዚያ ቦታ ብረት የተከለው?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ያለውን አሁን በማስረጃ ሊለው ነው። የመዳፌ ቁስል ጠዘጠዘኝ። ከግድግዳው ወዲያ ብርጭቆ ተቀመጠ፣ ወንበር ተንቀሳቀሰ። እናታችንም እዚያው ናት፣ ፋሻዋን አድርጋ፤ ብረቱን በእኔ እጅ ያሠራችው እሷ ናት፣ አንድ ቃል ግን አልወጣትም።

«እንጃ» አለ ይስማው። «ከነብረቱ ነው የገዛኋት።»

ካሣነሽም «የፕሮጀክት ነገር!» ብላ ወደ ወጡ ሄደች።

እኔ የተበደልኩትን ሁሉ የማስቀምጥበት ቦታ አለኝ። የትኛው በየት በኩል እንዳለ ሳላይ በእጄ አነሳዋለሁ፤ ይሄኛውን ግን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ብዙ ቆየሁ። በኋላ ብረቱን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁትና የጫማዬን ክር ሳብኩ። በአንድ ጊዜ ተፈታ።